አልጋ ላይ ሆኖ መራብ፦ የሆስፒታል ሕመምተኛ ሲከሳ ለምን አይታይም?

አክስቴ ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ ልጇ በየሳምንቱ አንድ ሥራ ነበራት። የእናቷን የጋብቻ ቀለበት ታወልቅና ከሥሩ ክር ትጠቀልልበታለች። ጣቷ ስለቀጠነ ቀለበቱ እየወለቀ አስቸገረ። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ክር በቃ። በሦስተኛው ሳምንት ከወርቁ ይልቅ ክሩ ይታይ ነበር።

አልጋዋ ግርጌ ያለው ቻርት ግን ጢም ብሎ ተጽፎበታል። ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ብዛት፣ የሽንት መጠን፤ ሁሉም በሰዓቱ ተለክቷል። ክብደት የሚለው ቦታ ላይ ምንም የለም። ከገባችበት ቀን ጀምሮ ባዶ ነው።

እነዚያ ሐኪሞችና ነርሶች ሰነፎች አልነበሩም። አንዷ ሲስተር ተረኛ በሆነች ቁጥር «እማማ፣ ዛሬስ ቀመሱ?» ሳትል አታልፍም። አክስቴም ሰው ማስቸገር ስለማትወድ «ተመስገን፣ በልቻለሁ» ትላለች። ምሳ ዕቃው አልጋው ሥር እንደተከደነ ነው። ተጠየቀች፣ መለሰች፣ ምሳ ዕቃውን ግን ከፍቶ ያየ የለም።

ይህ የአንድ ዎርድ ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በሀብታም አገሮች ሆስፒታሎችም ሲጠና የተገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የምግብ እጥረት ስንል ምን ማለታችን ነው?

«የምግብ እጥረት» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ድርቅ እና የከሳ ሕፃን ነው። እዚህ የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ከሚያስፈልገው ያነሰ ኃይልና ፕሮቲን ለብዙ ቀን ሲያገኝና ሰውነቱ ከራሱ ሥጋ እየቀነሰ መኖር ሲጀምር የምግብ እጥረት ገጥሞታል ይባላል። ቤቱ እህል የሞላ፣ ልጆቹ ዶሮ ወጥ ይዘው የሚመላለሱለት ሰውም ሊደርስበት ይችላል።

ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ነገር ይገጣጠማል። ምግቡ አይገባም፤ ሕመምተኛው ያቅለሸልሸዋል፣ አፉ ይመረዋል፣ ወይም ለምርመራ ሲባል እንዳይበላ ታዟል። የገባውም አይዋሃድም፤ ተቅማጥ ወይም የአንጀት ችግር አለ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ በሽታው ራሱ ሥጋ ይበላል።

ማገዶ ያለቀበትን ቤት አስቡ። ጤነኛ ሰው ሲራብ ሰውነቱ ቆጣቢ ነው። መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያስቀመጠውን ስኳር ይጠቀማል፤ ይህ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። ከዚያ ወደ ስብ ይዞራል፣ ጡንቻውን በተቻለው መጠን ያተርፋል። ከባድ ኢንፌክሽን፣ ቃጠሎ ወይም ትልቅ ቀዶ ጥገና ሲኖር ግን ሰውነት ብግነት የሚባለው የመቆጣት ምላሽ ውስጥ ይገባል። ያኔ ቁጠባው ይቀራል። አጥሩን ነቅሎ እንደሚያነድ፣ ቀጥሎም ምሰሶውን እንደሚነካ ሰው፣ ጡንቻውን እያፈረሰ ያነዳል።

ጡንቻ ደግሞ ክንድና እግር ብቻ አይደለም። የምንተነፍሰውም የምንስለውም በጡንቻ ነው። አክታውን ስሎ ማውጣት ያቃተው ሕመምተኛ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ተነስቶ መቀመጥ ያቃተው የአልጋ ቁስል ያወጣል። የቀዶ ጥገና ስፌት የሚገጥመው በፕሮቲን ነው። ኢንፌክሽን የሚዋጋው የሰውነት መከላከያም የሚሠራው ከምንበላው ነው። «ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ደከመ» የሚለውን አባባል ስሰማ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ምግቡ ነው።

በቁጥር እንየው ከተባለ፣ ሳያስበው በ6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው አሳሳቢ ነው። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ከ57 በታች ወረደ ማለት ነው። ሦስት ኪሎ በዓይን አይታይም፤ ሚዛን ላይ ግን ይታያል። ሌላው መለኪያ ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው ነው፤ ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ወስዶ ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ ማካፈል። ለአዋቂ ከ18.5 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው።

በእርግጥ ይህን ያህል የተለመደ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1994 ከስኮትላንዷ ደንዲ ከተማ የወጣ ጥናት ነበር። ሆስፒታል የገቡ 500 ሕመምተኞች ተመዘኑ፣ ተለኩ። 200ዎቹ፣ ማለትም 40 በመቶው፣ ገና ሲገቡ የምግብ እጥረት ነበረባቸው።

ይህ ከቤት ይዘውት የመጡት ነው። የሚቀጥለው ያሳዝናል። ሲወጡ እንደገና የተመዘኑ 112 ሕመምተኞች በአማካይ ከክብደታቸው 5.4 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። ለመዳን የገቡበት ቦታ ውስጥ ከሱ። ከ200ዎቹ የተጎዱ ሰዎች መሃል ስለ ምግባቸው ወይም ስለ ክብደታቸው አንዲት ነገር ካርዳቸው ላይ የተጻፈላቸው 96 ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላዩ አልተጻፈላቸውም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ሲያዩ፣ አይነሳም፤ ያልተነሳ ነገር አይታከምም።

ሐኪምና ነርስ እንዴት ይህን ሳያውቁ ይቀራሉ?

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ለራሳቸው ለባለሙያዎቹ አቀረበ። በዴንማርክ፣ በስዊድንና በኖርዌይ ከ4,500 በላይ ሐኪሞችና ነርሶች መለሱ። 25 በመቶው የምግብ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ሕመምተኛ መለየት ይከብደናል አሉ። 39 በመቶው የምግብ እጥረትን የምንለይበት ዘዴ የለንም አሉ። 53 በመቶው አንድ ሕመምተኛ በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያስፈልገው ማስላት ይቸግረናል አሉ። በቂ የምግብ እንክብካቤ ላለመሰጠቱ በዋነኛነት የጠቀሱት ምክንያት የእውቀት ማነስ ነው። እነዚህ ገንዘብም ሰውም የማይጎድላቸው አገሮች ናቸው።

አንዱ ምክንያት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 እያንዳንዱ የሕክምና ተማሪ ቢያንስ 25 ሰዓት የሥርዓተ ምግብ ትምህርት እንዲያገኝ ምክር ቀርቦ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ ሲጠየቁ አማካዩ 19.6 ሰዓት ሆነ። 25 ሰዓቱን የሚሞሉት 27 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለአንድ ሐኪም ከዓመታት ሥልጠናው ሃያ ሰዓት ማለት የሦስት ቀን ትምህርት እንኳን አይሞላም። ተምሮም ከሆነ የተማረው ስለ ቫይታሚን እጥረት ስሞች ነው እንጂ ሦስት ቀን ስላልበላችው የ12 ቁጥር አልጋ ሕመምተኛ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይከብደኛል። የማን ሥራ ነው? ሐኪሙ «ነርሷ ትከታተላለች» ይላል። ነርሷ «ዶክተሩ ካላዘዘ» ትላለች። ምግብ የሚያድለው ሠራተኛ ሳህኑን አስቀምጦ ይሄዳል፣ ቆይቶ ያነሳዋል፤ ስንት እንደተበላ የሚያየው እሱ ነው፣ የሚጠይቀው ግን የለም። የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ካለ የሚመጣው ሲጠራ ነው፤ የሚጠራው ደግሞ ችግሩን ያየ ሰው ነው። አስታማሚ «እነሱ ያውቃሉ» ብሎ ዝም ይላል። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሆስፒታል ምግብ የውሳኔ ሐሳብ ሲያወጣ ከዘረዘራቸው እንቅፋቶች አንዱ ይኸው ነው፦ ኃላፊነቱ ለማን እንደሆነ በግልጽ አለመለየቱ።

አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ባተርወርዝ ይህን ያሉት ከዚያ ቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ቁመትና ክብደት አይመዘገብም፣ ሕመምተኛው ምን ያህል እንደበላ የሚያይ የለም፣ ለምርመራ ተብሎ ምግብ ይከለከላል፣ በግሉኮስና በሳላይን ብቻ ለረጅም ቀን ይቆያል ብለው ዘርዝረው ነበር። ዝርዝሩን ሳነብ የአክስቴን ዎርድ ያዩ መሰለኝ።

ምግብ መከልከሉን ጠጋ ብለን እንየው። ሕመምተኛው «ነገ ቀዶ ጥገና አለህ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም በአፍህ እንዳታደርግ» ይባላል። ጠዋት ሌላ ድንገተኛ ሕመምተኛ ይገባል። ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል ወይም ተራው አይደርስም። አመሻሹ ላይ «ለነገ ተላልፏል» ይባላል። ያን ጊዜ የሆስፒታሉ እራት አልፏል። በማግሥቱም እንደዚያው። ሁለት ቀን በባዶ ሆድ አለፈ፣ የትኛውም ወረቀት ላይ ግን «ሁለት ቀን አልበላም» ተብሎ አይጻፍም። የማደንዘዣ ሕክምና መመሪያዎች ለታቀደ ቀዶ ጥገና በአብዛኛው የሚጠይቁት ከቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ እንደ ውሃ ካለ ንጹሕ ፈሳሽ 2 ሰዓት መቆየት ነው። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳን መከልከል ብዙ ጊዜ ከልማድ የመጣ ነው። ይህ ግን ሕመምተኛው በራሱ የሚወስነው አይደለም፤ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛም አለ፦ መልመድ። «የታመመ ሰው ይከሳል፣ ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚል አመለካከት ባለሙያውም ቤተሰቡም ዘንድ አለ። ሙቀት 39 ሲደርስ ሁሉም ይሯሯጣል። ክብደት 5 ኪሎ ሲወርድ ግን በሽታው ያመጣው ነው ተብሎ ይታለፋል።

ግሉኮስ ተሰቅሎለት የለ? እሱ አይበቃም?

ብዙ ቤተሰብ የሚጽናናው በዚህ ነው። «ግሉኮስ ተሰክቶለታል» ሲባል ሁሉም እፎይ ይላል። ባለሙያዎች ራሳቸው ይህን ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ እናስላው።

በብዛት የሚሰቀለው ግሉኮስ 5 በመቶ ነው። አንድ ሊትሩ ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለ። ይህም 12 የሻይ ማንኪያ ስኳር በአንድ ሊትር ውሃ እንደ መበጥበጥ ነው። የሚሰጠው ኃይል ከ200 ካሎሪ አይበልጥም። አንድ የታመመ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ25 እስከ 30 ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ 50 ኪሎ ከሆነ ከ1,250 እስከ 1,500 ማለት ነው። በቀን ሦስት ሊትር ቢሰጠው እንኳን ግማሹን አያገኝም። ፕሮቲን ደግሞ ጭራሽ የለውም። ሳላይኑማ ጨውና ውሃ ነው፣ ካሎሪው ዜሮ ነው።

ታዲያ ለምን ይሰጣል? ፈሳሽ ለመተካት፣ መድኃኒት ለማስገባት፣ ስኳሩ እንዳይወርድ ለማድረግ። ለዚያ ሥራ በጣም አስፈላጊ ነው። ምግብን ግን አይተካም። በደም ሥር የሚሰጥ ፕሮቲንና ስብ ያለው እውነተኛ ምግብ አለ፤ እሱ ሌላ ዝግጅት ነው፣ አንጀቱ መሥራት ለማይችል ሕመምተኛ ብቻ በጥንቃቄ የሚሰጥ።

ወፍራም ሰውም ይህ ይደርስበታል?

አዎ። ሰውነቱ ሞላ ያለ ሰው ብዙ ኪሎ ሲያጣ ገና «ደህና ነው» ይመስላል፤ የጠፋው ግን ጡንቻው ሊሆን ይችላል። ልቡ፣ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው ደግሞ ውሃ ይቋጥራል። እግሩ ያብጣል፣ ሚዛኑም ከፍ ይላል፣ ከእብጠቱ ሥር ግን ሥጋው አልቋል። ቁጥሩን ብቻ ማየት የማይበቃው ለዚህ ነው። የሰለሉ ክንዶችን፣ በዓይንና በጆሮ መሃል የጎደጎደ ቦታንና ወጣ ያለ የትከሻ አጥንት ማየት የሚችል ዓይን ያስፈልጋል። ያ ዓይን በሥልጠና ይመጣል።

ለመለየት ትልቅ መሣሪያ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። በብሪታንያ ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ የሚሠራበት የመለያ ዘዴ ሦስት ነገር ነው የሚጠይቀው። ክብደቱ ለቁመቱ ስንት ነው? ባለፉት ከ3 እስከ 6 ወራት ሳይፈልግ ምን ያህል ቀነሰ? አሁን በጽኑ ታሞ ከ5 ቀን በላይ ሳይበላ ቆይቷል ወይስ ሊቆይ ይችላል? ነጥብ ይሰጣል፣ ይደመራል፣ ምን እንደሚደረግም አብሮ ተጽፏል። ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። የቀድሞ ክብደቱን የማያውቅ ሰው ልብሱ፣ ቀበቶው ወይም ቀለበቱ ላልቶ እንደሆነ ይጠየቃል። የአክስቴ ቀለበት ላይ የነበረው ክር፣ አንድ ሰው ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ የሕክምና መረጃ ነበር።

የእኛን አገር ሳስብ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ እውቀት አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንድ መለኪያ ሜትር ይዛ ከቤት ቤት ትሄዳለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት እንዳለበት ታውቃለች። በሕፃናት ዎርድ ነርሶች ኤፍ 75 እና ኤፍ 100 የተባሉትን የሕክምና ወተቶች በሚሊ ሊትር ለክተው በሰዓት ይሰጣሉ፣ ሕፃኑን በየቀኑ ይመዝናሉ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የምግብ እጥረትን ለማስቀረት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅም ዋናው ትኩረቱ ሕፃናት ነበሩ፤ ትክክልም ነው። ከዚያው ሕንፃ አንድ ፎቅ ወጥታችሁ የአዋቂዎች ዎርድ ስትገቡ ግን ያ ሜትር ብዙ ጊዜ አይገኝም። መቆም ለማይችል አዋቂ ሚዛን ባይኖር እንኳን ክንድ መለካት ይቻል ነበር።

ቢታወቅስ ምን ለውጥ ያመጣል?

ለረጅም ጊዜ «የታመመ ሰው ማብላት ውጤቱን አይለውጥም» የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከስዊዘርላንድ የወጣ ጥናት ለዚህ ጥሩ መልስ ሰጠ። በ8 ሆስፒታሎች 2,088 ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን የሆስፒታል ምግብ በሉ። ለሌሎቹ የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ለየብቻ እያሰላ የካሎሪና የፕሮቲን ግብ አወጣላቸው፣ ግቡ እንዲሞላም ተከታተለ። በ30 ቀን ውስጥ ከተለመደው ምግብ ቡድን 10 በመቶ ያህሉ ሞቱ፤ ከሌላው ቡድን 7 በመቶ። በግምት እንዲህ በጥንቃቄ ከተመገቡ 37 ሰዎች አንድ ሕይወት ተረፈ ማለት ነው። አዲስ መድኃኒት እንዲህ ያለ ውጤት ቢያመጣ ዜና በሆነ ነበር።

እንግዲያው ዝም ብሎ ማብላት ነው?

ቀስ! ለብዙ ቀን ያልበላን ሰው በአንዴ ማጥገብ ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከእስር የወጡ የተራቡ ሰዎች ምግብ ካገኙ በኋላ የሞቱበት አጋጣሚ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። ሰውነት በረሃብ ጊዜ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያሟጥጣል። ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ ኢንሱሊን ከፍ ይልና የቀሩትን ጠርጎ ወደ ሕዋሳት ያስገባቸዋል። ደም ውስጥ ሲያንሱ ልብ ምቱን ይስታል፣ አተነፋፈስም ይደክማል። ቫይታሚን ቢ 1 ካነሰ ደግሞ አንጎል ይጎዳል።

ለተጎዳ ሕፃን መጀመሪያ ቀለል ያለው ኤፍ 75፣ ቆይቶ ኤፍ 100 የሚሰጠው ለዚሁ ነው። ለአዋቂም ያው ነው። ከ5 ቀን በላይ ምንም ወይም በጣም ጥቂት የበላ ሰው በሚያስፈልገው መጠን ግማሽ ገደማ ተጀምሮ፣ ደሙ እየታየ፣ ቀስ በቀስ ይጨመርለታል። ስለዚህ ቤተሰብ «እንግዲህ ይጠናከር» ብሎ በአንድ ቀን ሊሞላው ከመነሳቱ በፊት ለሐኪሙ «ይህን ያህል ቀን አልበላም» ብሎ መናገር አለበት።

አስታማሚ ምን ማድረግ ይችላል?

የገባ ዕለት «ይመዘንልን፣ ቻርቱ ላይም ይጻፍልን» በሉ። ይህ ድፍረት አይደለም። መድኃኒት ራሱ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በክብደት ነው።

ደብተር ያዙ። «በላ» ብላችሁ አትጻፉ። «ቁርስ፦ ሁለት ጉርሻ፤ ምሳ፦ ግማሽ ኩባያ አጥሚት፤ እራት፦ አልበላም» ብላችሁ ጻፉ። ራውንድ ላይ ደብተሩን አሳዩ። ሐኪም ቁጥር ሲያይ ያስባል። አክስቴ ዘንድ ነገሩ የተለወጠው ልጇ የአራት ቀን ዝርዝር ይዛ የቆመች ዕለት ነው። ወጣቱ ሐኪም ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይህ ብቻ ነው የበላችው?» አለ። በዚያው ቀን ሚዛን መጣ።

ጥቂት ለሚበላ ሰው የምትሰጡት ጥቂት ነገር ኃይል ያለው ይሁን። ቀጭን ሾርባ ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙም አይጠቅም። አጥሚቱ በወተት ቢሆን፣ ገንፎው ቅቤ ቢገባበት፣ እንቁላል ወይም የተፈጨ ኦቾሎኒ ቢጨመር ይሻላል። ስኳር፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ያለበት ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀና ብሎ ተቀምጦ ይብላ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ቤት ረስታችሁት እንዳይሆን እዩ። ጾምን በተመለከተ ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ በእስልምናም የታመመ ሰው ረመዳንን እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል። ሕመምተኛው ራሱ ስለ ጾሙ ሲጨነቅ ይህን ከሃይማኖት አባት አፍ ቢሰማ ይቀለዋል።

ሲወጣም እንደገና ይመዘን። ቁጥሩ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይም ይዛችሁት ሂዱ። አክስቴ 61 ኪሎ ነበርኩ ትላለች። ሚዛኑ በመጣ ቀን 49 ነበረች።